ከመጠገን በፊት መቅዳት፦ የሃርድ ዲስክ ስሕተት የሚታወቅበትና የሚታረምበት መንገድ

እ.ኤ.አ ኦገስት 15 ቀን 2012፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 9 ቀን 2004 ዓ.ም፣ የረመዳን ወር ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀናት የቀሩት ረቡዕ ነበር። በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ክፍለ ሀገር፣ በዳማምና በአል ኮበር አጠገብ በምትገኘው በዳህራን ከተማ ዋና መሥሪያ ቤቱን ባደረገው የሳዑዲ አራምኮ ኩባንያ፣ ብዙ ሠራተኞች በበዓል ዕረፍት ላይ ሳሉ፣ የቢሮ ኮምፒውተሮች ተከታትለው መሥራት አቆሙ። በኋላ «ሻሙን» በመባል የታወቀው አጥፊ ፕሮግራም በሃርድ ዲስኮቹ ላይ የነበሩትን ፋይሎች በአንድ ምስል ቁራጭ እየሸፈነ፣ ኮምፒውተሩ ሲከፈት በቅድሚያ የሚያነበውንም የዲስኩን መጀመሪያ ክፍል አጠፋ። ጉዳቱ 30 ሺህ ያህል ኮምፒውተሮችን ነካ።

ነዳጅ የማምረቱ ሥራ ግን አልተቋረጠም፤ የምርት መቆጣጠሪያ ሥርዓቶቹ ከቢሮው ኔትወርክ የተነጠሉ ነበሩና። ኩባንያው ኦገስት 26 ቀን ዋና ዋና የውስጥ ኔትወርክ አገልግሎቶቹን ወደ ሥራ መመለሱን አስታወቀ። ከጥቃቱ በኋላ በአማካሪነት የሠራች አንዲት የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ እ.ኤ.አ በ2015 እንደተናገረችው፣ ኩባንያው በአንድ ጊዜ 50 ሺህ ሃርድ ዲስኮችን መግዛት አስፈልጎታል። በላዩ ሌላ ነገር የተጻፈበትን ፋይል መልሶ የሚያነብ የማረሚያ ፕሮግራም የለም፤ የሚድነው በሌላ ቦታ ቅጂ ያለው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ጥቃት በየዕለቱ አይደርስም። ነገር ግን ታናሽ አምሳያው በዳማም፣ በአል ኮበርና በአካባቢያቸው በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤትም ሊደርስ የሚችል ነው። በአንድ ሠራተኛ ላፕቶፕ ወይም ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሥራ ውሉ፣ የፓስፖርቱና የኢቃማው ቅጂ፣ ለቤተሰብ የላከው ገንዘብ ደረሰኝ፣ አገር ቤት ሳለ የተነሳው የልጆቹ ፎቶግራፍ፣ ምናልባትም በሞት የተለዩት ወላጅ ድምፅና ምስል ይገኛል። ኮምፒውተሩ በገንዘብ ይተካል፤ እነዚህ ግን አይተኩም። ዲስኩ ስሕተት ማሳየት ሲጀምር ሰው ፈጥኖ የሚወስደው እርምጃ፣ መልካም አስቦ የሚያደርገው ጥገና ጭምር፣ ፋይሎቹን ሊያድናቸውም እስከ ወዲያኛው ሊያጠፋቸውም ይችላል።

ዲስኩ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ እ.ኤ.አ በ1956 በአይ.ቢ.ኤም ኩባንያ ለገበያ የቀረበ ሲሆን፣ 50 ትልልቅ ሳህኖችን ይዞ የሚያስቀምጠው መረጃ 5 ሜጋባይት ያህል ብቻ ነበር። ዛሬ በኪስ የሚያዝ ኤክስተርናል ዲስክ ከዚያ በሺህ ሺህ እጥፍ ይይዛል፤ የአሠራሩ መሠረት ግን አልተለወጠም። በታሸገ ሳጥን ውስጥ ማግኔት የተቀቡ ክብ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ከእያንዳንዱ ሳህን ፊት ላይ የማንበቢያና የመጻፊያ ራስ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ራሱ ሳህኑን አይነካም፤ ከሽክርክሪቱ በሚፈጠር ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ በአሥር ሺህ እጥፍ ገደማ ይበልጣል።

የሳህኑ ፊት «ሴክተር» በሚባሉ እጅግ ብዙ ትናንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። አንድ ፎቶግራፍ በብዙ ሴክተሮች ላይ ተበታትኖ ሊቀመጥ ይችላል። የትኛው ቁራጭ የት እንዳለ የሚያውቀው ዲስኩ ላይ የተጻፈው መዝገብ ነው። ይህም ከትልቅ መጋዘን ጋር ይመሳሰላል፦ ዕቃው በመደርደሪያ ላይ አለ፤ የመጋዘኑ መዝገብ ደግሞ የትኛው ዕቃ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ ይናገራል። መዝገቡ ከጠፋ ዕቃው በቦታው ቢኖርም ፈላጊው አያገኘውም።

ሦስት ዓይነት ጉዳቶች

ከዚህ አሠራር የሚነሱት ጉዳቶች በሦስት ይከፈላሉ፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው የመዝገብ ስሕተት ነው። ኮምፒውተሩ በመጻፍ ላይ ሳለ መብራት ሲጠፋ፣ ባትሪው ሲያልቅ፣ ወይም ኤክስተርናል ዲስኩ በድንገት ሲነቀል መዝገቡ በግማሽ ተጽፎ ይቀራል። አንዱ ቦታ ለሁለት ፋይሎች ተሰጥቶ ወይም የተያዘው ቦታ ባዶ ተብሎ ይመዘገባል። ዲስኩ ራሱ ጤነኛ ነው፤ የተበላሸው ጽሑፉ ነው። ይህ ዓይነቱ ስሕተት በማረሚያ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል።

ሁለተኛው የአካል ጉዳት ነው። ዲስኩ ሲወድቅ፣ ሲያረጅ ወይም ራሱ ሳህኑን ሲጭረው የተወሰኑ ሴክተሮች መነበብ ያቅታቸዋል። እያንዳንዱ ዲስክ ለዚህ የተዘጋጁ መጠባበቂያ ሴክተሮች አሉት፤ አንዱ ሲበላሽ በመጠባበቂያው ይተካዋል፤ ተጠቃሚውም አያውቅም። ነገር ግን መጠባበቂያው የሚተካው ቦታውን እንጂ በተበላሸው ሴክተር ላይ የነበረውን ጽሑፍ አይደለም። የተበላሹት እየበዙ ሲሄዱ ዲስኩ እየሞተ ነው። የማረሚያ ፕሮግራም መጥፎውን ቦታ ለይቶ እንዳይጻፍበት ምልክት ያደርግበታል፤ የተጫረውን ሳህን ግን አይፈውሰውም።

ሦስተኛው በ2012 በዳህራን እንደታየው የይዘት መጥፋት ነው። ፋይሉ በላዩ ሌላ ነገር ሲጻፍበት ዲስኩም ጤነኛ፣ መዝገቡም ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የቀድሞው ይዘት ግን የለም። ለዚህ ጥገና አይሠራም፤ መፍትሔው ቅጂ ብቻ ነው።

የሚያስጠነቅቁ ምልክቶች

ኮምፒውተሩ ሲከፈት ከወትሮው እጅግ ከዘገየ፣ አንድን ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ከወሰደበት፣ ፋይሎች ስማቸው ተለውጦ ወይም አልከፈት ብለው ከተገኙ፣ ዊንዶውስ በየጊዜው ዲስኩ መመርመር እንዳለበት ካሳሰበ፣ ከእነዚህ ጉዳቶች አንዱ አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። ጉዳዩ በኤክስተርናል ዲስክ ላይ ከሆነ በቅድሚያ ገመዱንና መሰኪያውን መለወጥ ተገቢ ነው፤ የላላ ወይም የተበላሸ ገመድ የዲስክ ሕመም መስሎ ይታያልና።

ከሁሉ የከፋው ምልክት ድምፅ ነው። ዲስኩ በተከታታይ ቀጭ ቀጭ የሚል ወይም የሚፋጭ ድምፅ ካሰማ፣ የማንበቢያው ራስ ቦታውን መያዝ አቅቶታል ወይም ሳህኑን ነክቶታል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ኮምፒውተሩን ወዲያው ማጥፋት እንጂ ማረሚያ ፕሮግራም ማስኬድ አይገባም። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ጭረቱን ያሰፋዋል።

ድምፅ ከመሰማቱ በፊት ለማወቅ የሚረዳ መንገድም አለ። በዛሬዎቹ ዲስኮች ውስጥ «ስማርት» የሚባል የራስን ጤና የመከታተያ ሥርዓት አለ። «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ»ን የመሰሉ ነፃ ፕሮግራሞች ይህን መዝገብ አንብበው ዲስኩ ደኅና መሆኑን በሰማያዊ፣ ጥንቃቄ የሚያሻው መሆኑን በቢጫ፣ አደጋ ላይ መሆኑን በቀይ ያሳያሉ። ከቁጥሮቹ መካከል በቅድሚያ መታየት ያለባቸው ሦስት ናቸው፦ በመጠባበቂያ የተተኩት ሴክተሮች፣ ለመተካት ውሳኔ የሚጠብቁት ሴክተሮች፣ እንዲሁም ጨርሶ ሊነበቡ ያልቻሉት ሴክተሮች። ሦስቱም ዜሮ ሊሆኑ ይገባል። ከዜሮ ከፍ ብለው በየሳምንቱ የሚጨምሩ ከሆነ አዲስ ዲስክ የሚገዛበት ጊዜ ደርሷል።

የዚህን ክብደት የጉግል ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ2007 ይፋ ባደረጉት ጥናት አሳይተዋል። ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን የተከታተለው ይህ ጥናት፣ በፍተሻ የመጀመሪያው የንባብ ስሕተት የተገኘበት ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስሕተት ካልታየበት በ39 እጥፍ እንደሚበልጥ አመልክቷል። በአንጻሩ ከተበላሹት ዲስኮች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት በዋና ዋናዎቹ የስማርት ምልክቶች አስቀድመው አላስጠነቀቁም። ስለዚህ ቀይ ምልክት ሲታይ ማመን ይገባል፤ ሰማያዊ ምልክት ግን ዋስትና አይሆንም።

መጀመሪያ ቅጂ፣ ቀጥሎ ጥገና

ብዙ ሰው ዲስኩ ስሕተት ሲያሳይ በቅድሚያ የሚያስበው «ይጠገን» የሚለውን ነው። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የማረሚያ ፕሮግራም ዓላማው መዝገቡን ከራሱ ጋር ማስማማት ነው። መዝገቡ እንዲስማማ ሲል አጠራጣሪ የሆነውን ፋይል ሊቆርጠው ወይም ስሙን ሊያሳጣው ይችላል። ከፕሮግራሙ አንጻር ሥራው ተሳክቷል፤ ከባለቤቱ አንጻር ግን የልጁ ፎቶግራፍ ጠፍቷል። በአካል የተጎዳ ዲስክ ደግሞ ለሰዓታት ሲፈተሽ የቀረችውን ጥቂት ዕድሜ በፍተሻው ሊጨርሳት ይችላል።

ስለዚህ ዲስኩ አሁንም የሚከፈት ከሆነ የመጀመሪያው ሥራ ቅጂ ማውጣት ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመቅዳት ይልቅ የማይተካውን ማስቀደም ያስፈልጋል፤ በመጀመሪያ ሰነዶችና የቤተሰብ ፎቶግራፎች፣ ከዚያ ቪዲዮዎች፣ በመጨረሻ ከኢንተርኔት ዳግም ሊገኙ የሚችሉ ፊልሞችና ሙዚቃዎች። አንድ ፋይል አልቀዳ ካለ እሱን አልፎ ወደ ሌላው መሄድ ይሻላል። ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸው የመቅጃ ፕሮግራሞችም የሚሠሩት በዚሁ ጥበብ ነው፤ በቀላሉ የሚነበበውን ሁሉ አስቀድመው ያወጡና ወደ አስቸጋሪው ቦታ በኋላ ይመለሳሉ።

በዚህ ሂደት ሊወገዱ የሚገባቸው ሁለት ስሕተቶች አሉ። ዊንዶውስ «ዲስኩን ከመጠቀም በፊት ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ሲያሳይ እሺ ማለት አይገባም። መልእክቱ መዝገቡ እንዳልተነበበ እንጂ ፋይሎቹ እንደጠፉ አይናገርም፤ ፎርማት ማድረግ ግን አሮጌውን መዝገብ በአዲስ ባዶ መዝገብ ይተካዋል። ሁለተኛው፣ በስሕተት የተሰረዘን ፋይል ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ማዳኛ ፕሮግራሙን በዚያው ዲስክ ላይ መጫን የለበትም። የተሰረዘ ፋይል ቦታው ባዶ ተብሎ ተመዘገበ እንጂ፣ በሜካኒካል ዲስክ ላይ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ ይቆያል። አዲስ ነገር በተጫነ ቁጥር የመመለስ ተስፋው ይመነምናል።

ማረሚያውን መጠቀም

ቅጂው ከወጣ በኋላ ዊንዶውስ የሚሰጠውን «ቼክ ዲስክ» የተባለ ማረሚያ መጠቀም ይቻላል። «ዚስ ፒሲ» በሚለው ውስጥ የዲስኩን ምልክት በቀኝ የማውስ ቁልፍ ተጭኖ «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «ቱልስ»፣ ከዚያ «ቼክ» የሚለውን መምረጥ ነው። ዊንዶውስ ራሱ ያለበት «ሲ» ዲስክ በሥራ ላይ ስለሆነ ጥልቅ እርማት ሲያስፈልገው ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት እንዲከናወን ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ሁለት ደረጃዎች አሉት። ቀላሉ መዝገቡን ብቻ አይቶ ያርማል፤ በአብዛኛውም በደቂቃዎች ይጠናቀቃል። ጥልቁ እያንዳንዱን ሴክተር ያነባል፤ ለትልቅ ዲስክም ብዙ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ መሰካት አለበት፤ ቁጥሩ ለረጅም ጊዜ ቆሟል ተብሎም በመካከል መጥፋት የለበትም።

ማረሚያው ባለቤታቸው ያልታወቁ የፋይል ቁርጥራጮችን ሲያገኝ በአንድ ልዩ ፎልደር ያስቀምጣቸዋል። ቁርጥራጮቹ የቀድሞ ስማቸውን ያጡ ቢሆኑም አንዳንዶቹ ፎቶግራፍ ወይም ሰነድ ሊሆኑ ስለሚችሉ ሳይታዩ መሰረዝ የለባቸውም። በማክ ኮምፒውተር ተመሳሳዩን ሥራ «ዲስክ ዩቲሊቲ» ውስጥ ያለው «ፈርስት ኤይድ» ያከናውናል።

ከእርማቱ በኋላ ውጤቱን መመዘን ያሻል። መብራት ጠፍቶ የመጣ የመዝገብ ስሕተት ተስተካክሎ ዳግም ካልታየ ጉዳዩ አበቃ። የተበላሹ ሴክተሮች ከተገኙ ወይም ስሕተቱ ከቀናት በኋላ ከተመለሰ ግን ያ ዲስክ የማይተካ ነገር ሊቀመጥበት አይገባም።

የባሕረ ሰላጤው አየርና የደጋው ጉዞ

የዳማምና የአል ኮበር አየር ለኮምፒውተር የራሱ ፈተና አለው። በበጋ የቀኑ ሙቀት ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። በሰኔና በሐምሌ ከሰሜን የሚነፍሰው «ሸማል» አቧራ ያመጣል፤ በነሐሴና በመስከረም ደግሞ ከባሕሩ የሚነሳው እርጥበት ይከብዳል። አብዛኞቹ ዲስኮች እስከ 60 ዲግሪ ድረስ እንዲሠሩ የተዘጋጁ ናቸው። ከላይ የተጠቀሰው የጉግል ጥናትም መካከለኛ ሙቀት የሚፈራውን ያህል ጉዳት እንደማያደርስ አሳይቷል። አሳሳቢው እጅግ የበዛው ነው፤ በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ የተተወ ላፕቶፕ፣ ወይም የአየር መውጫው በአቧራ የተደፈነ፣ አልጋና ትራስ ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ኮምፒውተር ለዚህ ይጋለጣል።

እርጥበቱ ከሙቀቱ ይልቅ ያታልላል። በነሐሴ ምሽት ኤር ኮንዲሽነር ካለበት ክፍል ወደ ውጭ የወጣ ሰው መነጽሩ ወዲያው በጤዛ ሲሸፈን አይቶ ይሆናል። በቀዘቀዘ ዲስክ ኤሌክትሮኒክስ ላይም ያው ጤዛ ያርፋል። ስለዚህ ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ ዲስክ በቦርሳው እንዳለ ከአየሩ ጋር እስኪስማማ ጥቂት ሰዓት ሳይሰካ ቢቆይ ይመረጣል። የተበላሸን ዲስክ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት ያድነዋል የሚለው የቆየ ምክርም በዚሁ ምክንያት አደገኛ ነው።

ሌላው ፈተና ወደ አገር ቤት የሚደረገው ጉዞ ነው። ብዙ ሠራተኞች ዕቃቸውን በካርጎ ሲልኩ ኮምፒውተራቸውንም በልብስ ጠቅልለው በካርቶን ያስገባሉ። ካርቶኑ በየመጋዘኑ ሲወረወርና ሲደራረብ ዲስኩ የሚያርፍበት ምት ቀላል አይደለም። ዲስክ በእጅ ሻንጣ መያዝ አለበት፤ የአየር ማረፊያው የኤክስሬይ ፍተሻ ሃርድ ዲስክን አይጎዳም።

የከፍታ ለውጡም ሊዘነጋ አይገባም። ዳማም በባሕር ጠረፍ ላይ ያለች ስትሆን አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የማንበቢያው ራስ የሚንሳፈፈው በአየር ላይ በመሆኑ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር ወደ ሳህኑ ይቀርባል። ብዙዎቹ አምራቾች ለተለመዱት ዲስኮች ያስቀመጡት የሥራ ከፍታ ወሰን 3,048 ሜትር ነው። አዲስ አበባም፣ ከእርሷ ከፍ የምትለው ደብረ ብርሃንም በወሰኑ ውስጥ ናቸው፤ እንደ መንዝ ጓሳ ያሉ ከ3,200 ሜትር በላይ የሚገኙ ቦታዎች ግን ከወሰኑ ያልፋሉ። ወደዚያ የሚወሰድ ኮምፒውተር የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ቢሆን ይሻላል። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዩፒኤስ ማዘጋጀት የመጀመሪያውን ዓይነት ስሕተት በእጅጉ ይቀንሳል።

ኤስ.ኤስ.ዲ፣ ፍላሽና ሜሞሪ ካርድ

በአዳዲስ ላፕቶፖች ውስጥ ያለው «ኤስ.ኤስ.ዲ» የሚሽከረከር ክፍል የለውም። በመውደቅ የመጎዳት ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ድምፅም አይሰጥም። ነገር ግን የተሰረዘውን ቦታ ብዙውን ጊዜ ራሱ ወዲያው ስለሚያጸዳ በስሕተት የተሰረዘን ፋይል መመለስ ከሜካኒካሉ ይልቅ እጅግ አዳጋች ነው። ሲበላሽም ያለ ማስጠንቀቂያ በአንድ ጊዜ ዝም ሊል ይችላል። ስለዚህ ፈጣንና ጠንካራ መሆኑ ከቅጂ ነፃ አያደርገውም።

ኮምፒውተር የሌላቸው ብዙ ሠራተኞች ፎቶግራፋቸውን በስልክ፣ በፍላሽና በሜሞሪ ካርድ ያስቀምጣሉ። እነዚህም የመዝገብ ስሕተት ይደርስባቸዋል፤ ዋናው መንስኤም እየተጻፈባቸው ሳለ መንቀል ነው። በገበያ ላይ ከእውነተኛ አቅማቸው በላይ የተጻፈባቸው ሐሰተኛ ፍላሾችና ካርዶችም ይገኛሉ። ብዙ መቶ ጊጋባይት ይይዛል ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ፍላሽ፣ እውነተኛ አቅሙ ከሞላ በኋላ አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ የፋይሎቹ ስም ይታያል፤ ሲከፈቱ ግን ባዶ ናቸው። ስለሆነም አዲስ የተገዛ ፍላሽ ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ፋይሎቹ እየተከፈቱ ሳይፈተሹ ብቸኛ መያዣ ሊሆን አይገባውም።

ለጥገና ሲሰጥ

ዲስኩ ጨርሶ ካልተከፈተና በውስጡ ያለው የማይተካ ከሆነ ጉዳዩ የባለሙያ ነው። የዲስኩን ሳጥን በቤት ውስጥ መክፈት አንድ የአቧራ ቅንጣት በራሱና በሳህኑ መካከል እንዲገባ መጋበዝ ነው። ይህ ሥራ ከአቧራ በተጣራ ልዩ ክፍል ይከናወናል፤ ዋጋውም ከአዲስ ኮምፒውተር ሊበልጥ ይችላል። ባለቤቱ ለጥገና ቤቱ በቅድሚያ በግልጽ መናገር ያለበት «የምፈልገው ፋይሎቹን ነው፤ ዲስኩ ፎርማት እንዳይደረግ» የሚለውን ነው። ብዙ ጥገና ቤቶች ኮምፒውተሩ ዳግም እንዲሠራ ማድረግን እንደ ስኬት ይቆጥራሉና፣ ይህ ካልተነገረ አዲስ ዊንዶውስ ተጭኖ ንጹሕና ባዶ ኮምፒውተር ሊመለስ ይችላል። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስኩ በምሥጢር ቁልፍ የተዘጋ ስለሆነ ባለ 48 አኃዙን የማስመለሻ ቁጥር አስቀድሞ መያዝም ያስፈልጋል።

የግል ምሥጢር ጉዳይም አለ። የሳዑዲ ዓረቢያ የሳይበር ወንጀል መከላከያ ሕግ እ.ኤ.አ በ2007 የወጣ ሲሆን፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው መረጃ ገብቶ ማጥፋትን ወይም መለወጥን እስከ 4 ዓመት እስራትና እስከ 3 ሚሊዮን ሪያል በሚደርስ መቀጮ ይቀጣል። ሕጉ ቢኖርም ጥንቃቄ ይቀድማል፤ ዲስኩ ተነቃይ ከሆነና ጥፋቱ በስክሪን ወይም በቻርጀር ብቻ ከሆነ ዲስኩን አስወጥቶ በእጅ ማስቀረት ይቻላል። አሮጌ ኮምፒውተር ሲሸጥም ፋይሎቹን መሰረዝ ብቻ በቂ አይደለም፤ ገዢው ሊመልሳቸው ይችላልና።

ሦስት ቅጂ፣ አንዱ በሌላ ቦታ

በዘርፉ የታወቀው መመሪያ አጭር ነው፦ የማይተካው ነገር ሁሉ ሦስት ቅጂ ይኑረው፤ በሁለት የተለያዩ ዓይነት መያዣዎች ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጂ በሌላ ቦታ ይሁን። በውጭ አገር ለሚሠራ ሰው ይህ ከባድ አይደለም። አንዱ በላፕቶፑ ወይም በስልኩ፣ ሁለተኛው በክፍሉ ተለይቶ በሚቀመጥ ኤክስተርናል ዲስክ፣ ሦስተኛው በኢንተርኔት ማኅደር ወይም ለዕረፍት አገር ቤት ሲገባ ከቤተሰቡ ዘንድ በሚተወው ዲስክ ይሆናል። ኤክስተርናሉ ዲስክ ግን ከቀዳ በኋላ መነቀል አለበት። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ቅጂ ላፕቶፑን ባገኘው ቫይረስ ወይም የኤሌክትሪክ አደጋ አብሮ ሊጠፋ ይችላል።

በ2012 የዳህራን የነዳጅ ማምረቻ ሥርዓቶች የተረፉት ከተጠቃው ኔትወርክ የተነጠሉ በመሆናቸው ነው። በአል ኮበር አንዲት ክፍል ውስጥ የሚኖር ሠራተኛም ሊያደርገው የሚችለው ይህንኑ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ደመወዝ ተቀብሎ ለቤተሰቡ ገንዘብ በሚልክበት ቀን፣ ዲስኩን ሰክቶ አዲሶቹን ሰነዶችና ፎቶግራፎች መቅዳት፣ ከተቀዱት ጥቂቶቹን ከፍቶ ማረጋገጥ፣ ከዚያም ነቅሎ በመሳቢያ ማስቀመጥ ይበቃዋል።